በላዩ የተጻፈው ስም

(ዮሐ. 19፥19-22)



ባለፈው ክረምት የአንዲት የገጠር ቁምስና ዕቃ ቤት ለማጽዳት ከወጣቶች ጋር ገብተን ነበር። ጣራው ያፈሳል፤ ምስጥም የመደርደሪያውን እግር በልቶታል። ከተቀዳደዱ የንባብ መጻሕፍትና ከአሮጌ ምንጣፍ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተገኘ። ዛሬ ካሴት የሚያጫውት መሣሪያ ያለው ሰው ጥቂት ነውና ወጣቶቹ «አባ፣ ይጣል?» ብለው ጠየቁኝ። አንዱን አነሣሁት። መለያ ወረቀቱ በእርጥበት ተላቅቆ ወድቋል። ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። በሦስተኛው ላይ «ሆሳዕና» የሚል የእርሳስ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል፤ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በማን ድምፅ እንደ ተቀዳ የሚናገር ነገር የለም። ይጣል ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ምክንያቱን በዚያን ቀን ለወጣቶቹ አልነገርኋቸውም፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደዚያችው ቁምስና ተልኬ ነበር። በቆሞሱ ቤት አንድ ቴፕ ነበረ። ባዶ ካሴት ፈልጌ ባጣ ጊዜ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት ከመሳቢያ አወጣሁ። በዚያ ዘመን ያደጋችሁ እንደምታስታውሱት በካሴቱ ጀርባ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እነርሱ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ አይቀዳም። የዚያ ካሴት ጥርሶች ተሰብረው ነበር። ፊደል የሌለው ምልክት ይሁን እንጂ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በውስጡ እንዲጠፋ ያልተፈለገ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ግን እንደ እኩዮቼ ሁሉ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ ከሬዲዮ የሚተላለፍ ዘፈን ቀዳሁበት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቆሞሱ ያንን ካሴት መፈለግ ጀመሩ። የቁምስናይቱ የመጀመሪያ ካቴኪስት የነበሩትና ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉት አዛውንት ጸሎት ቤቷ እንዴት እንደ ተሠራች፣ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፣ በማን ትከሻ እንደ ተጓዘ፣ ማን ማንን ፊደል እንዳስቆጠረ የተረኩበት ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። «አይተኸዋል?» ሲሉኝ «አላየሁም» አልኋቸው። ኃጢአቴን በምሥጢረ ንስሓ ተናዝዣለሁ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም።

አባቶቻችን ከእኔ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ባለው አገራችን ገበዝ ማርያም የምትባል ቦታ አለች። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ፣ ምን እንዳለና የማን ስጦታ እንደ ሆነ የሚያውቅ ባለ ሹመት ነው። የቦታይቱን ስም በሰማሁ ቁጥር ያ ሹመት ትዝ ይለኛል። ገበዙ ብቻውን በቃሉ አይጠብቅም ነበር፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው ይናገሩ ነበርና። የብራና መጽሐፍ መጀመሪያውን ወይም መጨረሻውን ቅጠል ብትገልጡ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከዚያም ውግዘት ይከተላል። ውግዘቱ የሚወድቀው መጽሐፉን በሰረቀ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስሙን በፋቀ ላይም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወድቃል። ለአባቶቻችን መስረቅና መፋቅ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ነበሩ። በዚያ ሚዛን እኔ የት እንደምወድቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህ ጽሑፍ ከንቱ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የለንደን ሰዎች አዲስ ቁጥር ሰጥተዋቸዋል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ንብረት መሆናቸውን የሚናገረው የቀድሞው ጽሑፍ አልጠፋም። የባዕድ ቁጥር በጀርባው ተለጥፎበት፣ መጽሐፉ በሆዱ የባለቤቱን ስም ይዞ ይኖራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን ማስመለሳቸውም ይታወቃል።

በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍቱን ይጠብቁ የነበሩት ወንድም መነኩሴ በየመጽሐፉ ጀርባ ትንሽ ወረቀት ሲለጥፉ ውለው ያመሹ ነበር። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አከፋፈል መሠረት የሃይማኖት መጻሕፍት ከ200 ይጀምራሉ። እኛ ተማሪዎቹ ነገሩ ያስቀን ነበር። እርሳቸው ግን ያለ ቦታው የተቀመጠ መጽሐፍ ከተቃጠለ መጽሐፍ አይለይም ይሉን ነበር፤ አለ ይባላል እንጂ ማንም አያገኘውም። አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ ወረቀት መጽሐፉ የት እንደሚገኝና ወዴት እንደሚመለስ ትናገራለች እንጂ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብላ አትፈርድም። የአንድ ቅዱስ ገድልና ሃይማኖትን የሚነቅፍ መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ፍርዱ ከፍቶ ለሚያነበው የተተወ ነው።

በሙዚቃም ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው። ስለ ዘፈን በመንፈሳዊ መጽሔት መጻፌን የሚነቅፍ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ረገድ ዘፋኞቹ ከእኛ መዘምራን ቀድመዋል። ሌብል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሸክላው መካከል የሚለጠፈውን ክብ ወረቀትም፣ ሸክላውን የሚያሳትመውን ድርጅትም ይጠራል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬኮርድስን ባቋቋመበት ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ግን ደፍሮ አሳተመ፤ በዚያች ክብ ወረቀት ላይም የዘፋኙን ስም ጻፈ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እነዚያ ሥራዎች ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ እንደ ገና ሲወጡ፣ ማን እንደ ዘፈነና መቼ እንደ ዘፈነ ለማወቅ የረዳው ይህ ጽሑፍ ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ለድሆች ልጆች መርጃ እንዲሆን የፒያኖ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር አሳትመው ነበር። ስማቸው በሸክላው ላይ ስለ ነበረ ከ39 ዓመት በኋላ በዚያው ተከታታይ በ21ኛው ቅጽ ለዓለም ተሰሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣም ከአሳቦቹ አንዱ ሥራው የማን እንደ ሆነ ስሙ ሳይጠራ አይለፍ የሚል ነው። በቁምስናችን ካርቶን ውስጥ ያሉትን መዝሙሮች ግን ማን እንደ ደረሳቸው ዛሬ ማን ይነግረናል? ለትሕትና ብለን ስም አንጽፍም እንላለን። አንዳንድ ጊዜ ትሕትና ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ስንፍና ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚጽፍ እጅ ነው። አሁን ስለሚያነብ ዓይን ልናገር። በቡሬ ገበያ ቅዳሜም ሆነ ሌላ ቀን የቆመ ሰው ይህን አይቷል፤ በጆንያው ላይ «ዩሪያ» ተጽፎበታል፤ ውስጡ ግን ጤፍ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ታጥቦ በርበሬም፣ በቆሎም ይጫንበታል። ገዢው ጽሑፉን አይቶ «ይህ ማዳበሪያ ነው» ብሎ ትቶ አይሄድም፤ ጆንያውን ያስፈታል፣ እጁን ያገባል፣ ጥቂት ዘግኖ ያሸታል፣ በጥርሱም ይሞክራል። በዚያው ገበያ ማንኛውንም የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» እንለዋለን፤ የአንድ ውኃ አምራች መለያ የጠርሙሱ ሁሉ ስም ሆኖ ቀርቷል። ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ግን የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት በቤት ጥግ ሲቀመጥ ነው። ልጅ የሚያውቀው ውኃ መሆኑን ነውና ይጠጣዋል። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ ከጸሎት በፊት ይህን ተመልከቱ፤ መድኃኒቱ ከነመለያው በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ከልጅ እጅም ይራቅ።

ለጤፍ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለሰው ስንሆን ጆንያውን ሳናስፈታ እናልፋለን። በአገራችን አነጋገር «ታርጋ ለጠፈበት» ይባላል። ታርጋ የመኪና ነው፤ መኪናውን ማን እንደሚነዳውና ምን እንደ ጫነ ግን አይናገርም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ይጻፍ ነበር። በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት በመንገድ ላይ ሰው ምን ያህል እንደ ተንገላታ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ፋይዳ የተባለው አዲሱ መታወቂያ ይህን መስመር አልያዘም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት ያለቁት ወገኖቻችንም ማንም ማንንም ብሎ ከመጥራቱ በፊት እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ነበራቸው።

የሩቁን ትቼ የቅርቡን ልናገር፤ ይህም ደግሞ የራሴ ነው። በክህነቴ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ያረጀ የጥምቀት መዝገብ ወደ አዲስ መዝገብ እንድገለብጥ ታዘዝሁ። በአሮጌው መዝገብ የተጠማቂው ስም፣ የወላጆች ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም አለ። የማንም ወላጅ ሥራ አልተጻፈም፤ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሚል የለም። በሦስት ቤተሰቦች ስም ጎን ብቻ አንድ እጅ በእርሳስ «ጠይብ» ብሎ ጽፏል። እኔም አየሁት፤ አላሰብሁበትም፤ በቀለም ገለበጥሁት። የእርሳሱን በቀለም!

ከዓመታት በኋላ ከእነዚያ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ለጋብቻ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋት ነበርና በጊዜው የነበረው ጸሐፊ ከመዝገቡ እንዳለ ጽፎ ሰጣት። ወረቀቱ በሙሽራው ወላጆች እጅ ገባ። እናትዋ ሸክላ ትሠራለች፤ በእርስዋ ድስትና ምጣድ ያልበላ በዚያ አገር የለም። እነርሱም በልተዋል። ጋብቻው ግን ቀረ። መዝገብ እንደ ፈለጉ አይፋቅምና ያ ቃል ወደ ምስክር ወረቀት እንዳይገለበጥ ለሀገረ ስብከት አመልክቼ ትእዛዝ ተጻፈበት። ልጅቱ ወደ ከተማ ሄደች፤ ወደ ቅዳሴ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። በአንድ ሰው ድምፅ ላይ መጻፍ ሲገባኝ አልጻፍሁም፤ በአንዲት ልጅ ላይ መጻፍ ሳይገባኝ ጻፍሁ። ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ስም የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ማስነገራቸውን ታሪክ ያነበበ ያውቃል። የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን መሆኑንም አስታውሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኔ ካህኑ ግን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሻርሁት። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ባዩት ጊዜ ጠራቢ መሆኑን አንሥተው እንደ ተሰናከሉበት ማርቆስ በምዕራፍ 6 ይናገራል። ጥበቡን ሰምተዋል፣ ተአምራቱን አውቀዋል፤ ግን መለያውን አንብበው ጆንያውን ሳያስፈቱ ሄዱ። በዚያም ብዙ ተአምር አላደረገም።

የሃይማኖት ሰዎች በዚህ ኃጢአት ከማንም አናንስም። እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ታተመ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ ቋንቋውን ተምሮ ነበር፤ ሆኖም ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው። ያ ስሕተት ማንንም አልገደለም፤ ሊቃውንት በኋላ አርመውታል። «መናፍቅ»፣ «ጸረ ማርያም» እየተባባልን ወንድማማቾች የተለጣጠፍነው ግን ደም አፍስሷል፤ የእኛም እጅ ከዚህ ንጹሕ አይደለም።

የጎጃሙ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ እዚህ ላይ ይታሰበኛል። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከሚሄዱት መልእክተኞች ጋር ሲነሣ፣ አብሮት ስለሚጓዘው ስለ አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚያውቀው ፈረንጅ መሆኑንና የሮም ሰው መሆኑን ነበር። በጥርጣሬ ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ ግን አብረው በሉ፤ አብረው በባሕር ተንገላቱ፤ ተከራከሩም። ገብረ ሚካኤል ጆንያውን ያስፈታ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆነ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰረ ዐረፈ። በ1926 ብፅዕናው ታወጀ። ይህን የምናነብ እኛ እርሱ በተጠራበት ክፉ ስም ሌላውን የምንጠራ ከሆነ ከእርሱ ምንም አልተማርንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ፣ የተለዩ ወንድሞቻችንን ሁኔታ በእውነትና በፍትሕ የማይገልጽ ቃልና ፍርድ ሁሉ እንዲወገድ አሳስቧል። ከጎረቤታችሁ ከኦርቶዶክሳዊው ወንድማችሁ ጋር በአንድ እድር፣ በአንድ ለቅሶ የምትቀመጡ ሁሉ ይህን ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ወደ ወንጌሉ እንመለስ። በጌታችን ራስ በላይ አንድ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጲላጦስ ያስጻፈው የክስ ጽሑፍ ነው፤ ሟቹ ስለ ምን እንደሚሞት ለአላፊ አግዳሚው የሚነግር። በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ የተጻፈ ስለ ሆነ ማንም «አላነበብሁም» ማለት አይችልም። የካህናት አለቆች ቃሉን ሊያስለውጡ መጡ፤ ንጉሥ ነው ከሚለው ይልቅ ንጉሥ ነኝ አለ የሚለውን ፈለጉ። ጲላጦስም አልለውጥም አላቸው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለመሳለቅ ነበር፤ ነገር ግን በመሳለቅ የተጻፈው እውነት ሆኖ ተገኘ። አላፊዎቹ ጽሑፉን አነበቡ። በሥሩ ያለውን ፊት ግን ቀና ብለው የተመለከቱት ጥቂቶች ናቸው፤ እናቱ፣ ከእርስዋ ጋር የነበሩት ሴቶች፣ የሚወደው ደቀ መዝሙር፣ አንድ ሽፍታ፣ አንድ የመቶ አለቃ። ሽፍታውም በላዩ ሌላ ታርጋ ነበረበት፤ ጌታ ግን የእርሱን ሳያነብ ወደ ገነት ወሰደው።

በአንገታችን ያለው ማተብ ከግእዙ «ዐተበ» የመጣ ነው፤ ማማተብም ከዚያው ነው፤ ምልክት ማድረግ፣ ማተም ማለት ነው። ገበሬው «በማተቤ» ብሎ ሲምል የሚጠራው ይህን ነው። በጥምቀትና በቅዱስ ሜሮን የምንቀበለው ማኅተም እንደማይፋቅ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ስለዚህም እነዚህ ምሥጢራት አይደገሙም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 49 እግዚአብሔር የሕዝቡን ስም የቀረጸበት ቦታ የገዛ መዳፉ እንደ ሆነ ይነግረናል። የዚያች የሸክላ ሠሪ ልጅ ስም እዚያ አለ። እኔ በጎኑ የጨመርሁት ቃል ግን እዚያ የለም።

ካርቶኑ በተገኘ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ካቴኪስቱ ባለቤት ሄድሁ። እማማ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮአቸው ግን ደኅና ነው። ከእኔ ጋር አንድ ወጣት ካቴኪስት ነበረ። በምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ።

«ታዲያ ምን ቀዱበት፣ አባቴ?»

«ዘፈን» አልኋቸው።

እንደ ገና ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «እሳቸውም እኮ ዘፈን አይጠሉም ነበር» አሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስም ባለቤታቸው ይተርኩት የነበረውን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ጽዱ ከየትኛው ሸለቆ እንደ ተቆረጠ፣ ወንዙ ሞልቶ ስንት ቀን እንዳገታቸው፣ የመጀመሪያው ቅዳሴ ቀን ምን እንደ ተበላ። ወጣቱ በስልኩ ቀዳው። ሲጨርሱም «እማማ፣ በማን ስም ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቃቸው። የባለቤታቸውን የክርስትና ስም ነገሩት፤ ቀጥለውም የአባታቸውን ስም። እርሱ ጽፎ ስልኩን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዙት።

«የእኔንም ጻፍበት ልጄ፤ እንጨቱን እኔም ተሸክሜአለሁ።»